ኳንተም እስከ ግንቦት ሠላሳ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ይህን የምላችሁ ለጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ቃሌን እየሰጠሁ ነው። ቦንጋ ውስጥ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳው፣ ማዘጋጃ ቤት ማኅተም የሚመታው፣ ገበያ ላይ ማር የሚመዝነው፣ ግማሹ የእኔ ተማሪ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል፤ ባጃጅ ያለው ደግሞ «ግቡ ጋሼ» ብሎ ዳገቱን ያወጣኛል። እንዲህ ባከበሩኝ ቁጥር አንዲት ዕዳ ትዝ ትለኛለች። የመጨረሻውን ምዕራፍ አላስተማርኳቸውማ!

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ ሽፋኑ ስንት ጊዜ ቢቀየር መጨረሻው አይቀየርም። እዚያ ጥጉ ላይ ኳንተም የምትባል ምዕራፍ ተቀምጣለች። ስለ ጥቃቅኖቹ ነው የምታወራው፤ ስለ ኤሌክትሮን፣ ስለ ብርሃን ቅንጣት። እነሱ ሰፈር ኑሮ እንደኛ ሰፈር አይደለም። ያው አንዱ ቅንጣት አንዴ እንደ ኳስ ይሆናል፣ አንዴ እንደ ውኃ ሞገድ። ሁለት ቀዳዳ ብታዘጋጁለት በዚህኛው አለፈ ማለትም፣ በዚያኛው አለፈ ማለትም አይቻልም። በየት እንዳለፈ ልይ ብላችሁ ስታፈጡበት ደግሞ ጠባዩን ይለውጣል። ይህን እኔ አላልኩም፤ መጽሐፉ ነው ያለው። እኔማ ስንት ዓመት ምንም ሳልል ነው የኖርኩት።

ዘዴዬን ልንገራችሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ማንም ምንም አያደርገኝም። ተዳፋት ላይ ነገሮች እንዴት እንደሚንሸራተቱ የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ቦንጋ ደግሞ ለዚህ ትምህርት ተብላ የተፈጠረች ከተማ ናት፤ ሜዳ ብላችሁ በምትጠሩት ቦታ እንኳ ብርቱካን ብትጥሉ ተንከባሎ ሰው ቤት ይገባል። ልጆቹን ይዤ እወጣና ድንጋይ እናንከባልላለን። ዝናብ ሲመጣ ራሳችን እንንከባለላለን። እንዲህ እያልኩ ተዳፋቱን እስከ የካቲት እጎትተዋለሁ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ይቀጥላል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር «እስኪመጣ እንጠብቅ» እላለሁ። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ አንዲት ምዕራፍ ትቀራለች። «ልጆች፣ ጊዜ አጠረን፤ ይህችን ራሳችሁ አንብቧት» እላለሁ፣ ፊቴን የሐዘን አስመስዬ።

እኔስ እንዴት አለፍኳት? ኮሌጅ ሳለን መምህራችን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቀመር ሞልቶ ዞር አለና «ገባችሁ?» አለን። «አዎ!» አልን፣ አርባ ሆነን። ከአርባችን አንድ የገባው ሰው ካለ ንገሩኝና ያለበት ድረስ በእግሬ ሄጄ ጉልበቱን ልሳም። እንደምታውቁት በእኛ ትምህርት ቤት «ገባችሁ?» ጥያቄ አይደለም። «እንደምን አደራችሁ?» እንደማለት ነው፤ መልሱ ተቆርጦ የተቀመጠ ነው፤ ሌላ የሚመልስ ከመጣ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። በዚያች «አዎ» ዲፕሎማ ተቀበልኩ፣ በዚያች «አዎ» ትዳር ያዝኩ፣ በዚያችው «አዎ» ፀጉሬ አለቀ።

ከዚያ ፕላዝማው መጣ።

ለማታስታውሱት፣ በዚያ ዘመን መንግሥት ለየሁለተኛ ደረጃው ትልልቅ ቴሌቪዥን አድሎ ነበር። በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይወርዳል። የእኛው ሳጥን ውስጥ አንዲት ሴትዮ ነበረች። በሆዴ እትዬ ፕላዝማ እላታለሁ። እትዬ ፕላዝማ አትታመምም፣ ለቅሶ አትሄድም፣ አትጠየቅም። እንግሊዝኛዋ እንደ ቦንጋ ዝናብ ነው፤ አንዴ ከጀመረ መጠለያ መፈለግ ብቻ ነው። «አሁን ለሁለት ደቂቃ ተወያዩ» ትልና ሙዚቃ ትከፍታለች። ልጆቹ ገጹን ሲያገኙት ሙዚቃው ያልቃል። «በጣም ጥሩ! ትክክል ናችሁ!» ትላለች፤ ማንም አፉን ሳይከፍት። ከፍቶም ቢሆን ሁለታችንም አንሰማውም ነበር፤ እሷ ሳጥን ውስጥ ስለሆነች፣ እኔን እሷን መከታተል ላብ ስለሚያጠምቀኝ።

ከሁሉ የከፋው ተዳፋት ላይ አለመቆየቷ ነው። ለሳምንቱ የተመደበላትን በሳምንቱ ጨርሳ ታልፋለች። ወደ ሚያዝያ ግድም፣ የሸሸኋት ምዕራፍ ከነርዕሷ ብቅ አለች።

ያን ቀን መብራት እንዲጠፋ ያልተሳልኩበት ታቦት የለም። ቦንጋ መብራት ሠርግ ላይ ይጠፋል፣ ኳስ ጨዋታ ላይ ይጠፋል፣ ፀጉር ቤት ግማሽ ጭንቅላታችሁ ተላጭቶ ይጠፋል። ያን ቀን ግን ብልጭ እንኳ ሳይል ቀጥ ብሎ በራ። እትዬ ፕላዝማ ሁለት ቀዳዳ ያለው ግድግዳ አሳየች፤ ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ወረወረች፤ ከግድግዳው ጀርባ ዥጉርጉር መስመር ሠሩ፣ ልክ ሞገድ ሲደራረብ እንደሚሠራው። ከዚያ ፈገግ አለችና ቀሪውን የክፍል መምህራችሁ ያብራራላችኋል ብላ ጠፋች። ደንቡ ነው፤ የመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ የእኔ ናት። ስልሳ ሁለት ተማሪ ወደ እኔ ዞረ።

ጠመኔ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ገባችሁ?» አልኩ።

«አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ተባረኩ ብዬ እጄን ሳራግፍ ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት እጅ ወጣች።

የመሠረት ወዳጆ እጅ ናት። መሠረት ጫካው ውስጥ ካለችው የገጠር ቀበሌ ከማንኪራ መጥታ ቦንጋ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በጫካው መንገድ ቤቷ ሄዳ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ምን መማር ትፈልጊያለሽ ስትባል ፊዚክስ ነው የምትለው። ሌላው ሐኪም፣ ኢንጂነር ሲል እሷ ፊዚክስ ስትል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሠርጌን ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

«ቲቸር፣ በየትኛው ቀዳዳ ነው ያለፈው?»

«በሁለቱም» አልኩ፣ መጽሐፉ እንዳለው።

«አንዱ ቅንጣት?»

«አንዱ።»

«ተከፍሎ?»

«አይከፈልም።»

ክፍሉ ሳቀ። በእኔ አይደለም፣ በእሷ። ከኋላ አንዱ «ማንኪራ ቤቱ ባለ አንድ በር ስለሆነ ነው» አለና ደግመው ሳቁ። እሷ ዞራ አየቻቸውና ለሁላችሁም ገብቷችኋል ማለት ነው ብላ ጠየቀች። «አዎ!» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ለእርስዎስ ቲቸር? ገብቶዎታል?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው እውነቱን ይናገራል። እኔ ግን ኮቴን አስተካከልኩና «እንዴታ!» አልኩ። ደወሉ ተደወለ። እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ሌላው ሲወጣ እሷ ተቀምጣ ነበር።

በሳምንቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምርጫ ፎርም ታደለ፤ በሁለት ሳምንት ሞልታችሁ መልሱ ተባሉ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ የምሰበስበው እኔ ነኝ። መሠረት ከዚያ ቀን በኋላ አልታየችም። ጓደኛዋን ጠየቅኳት። መሠረት ፎርሙ ላይ በእርሳስ ፊዚክስ ብላ ጻፈች፣ በላጲስ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች፣ ደግማ አጠፋች፣ ወረቀቱ ሊበሳ ሲደርስ ይዛው ማንኪራ ሄደች አለችኝ። ሄዳ ምን ልትሆን? ለሁሉም ሰው የገባ ነገር ለእኔ ካልገባኝ ጭንቅላቴ አይበቃም፣ ከአባቴ ጋር ማር እቆርጣለሁ ብላለች።

መድኃኒቱ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ለእኔም አልገባኝም» ማለት። ማንኪራ ሩቅ አይደለም። ግን ያን ሁሉ ዓመት የለበስኩት ኮት እንዲህ በቀላሉ የሚወልቅ መሰላችሁ? ስለዚህ ሌላ መላ ዘየድኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኳንተምን ተረድቼ፣ ሄጄ አስረዳታለሁ። ውሸቴን ወደኋላ ተመልሼ እውነት ላደርጋት ነው! እንዲህ ያለ ብልህ ነኝ እኔ።

በመጀመሪያ የሂሳብ መምህሩን ተሾመን ያዝኩት። እኩልታው አይሠራም ወይ አለኝ። ይሠራል አልኩት። «ታዲያ ምን ሆንክ?» ብሎ ቡናውን ቀጠለ። ቤት ገብቼ በረንዳ ላይ መጽሐፉን ከፍቼ ሳፈጥ ባለቤቴ ዘነቡ መጣችና ከትከሻዬ በላይ አየች። «ይህን እየተማርክ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታስተምር ነበር?» ብላ ጎመኗን ይዛ ገባች።

እድል ቀናኝና በዚያው ሰሞን ጅማ ላይ ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና ተጠራ። አሠልጣኙ ውጭ አገር የተማረ፣ ዶክተር፣ የልጄ እኩያ። ሰሌዳው ላይ ቀመሩን እንደ ዘፈን ያወርደዋል። በሻይ ሰዓት ብስኩት ከሚታደልበት ጠረጴዛ ጀርባ ለብቻው አገኘሁት።

«ዶክተር፣ በግልዎ ነው የምጠይቅዎት። ይሄ ነገር ለእርስዎ ገብቶዎታል?»

ግራ ቀኙን አየ። «ጋሼ፣ ማስላቱን እችላለሁ። አስልቼ የማገኘው ቁጥር በመሣሪያ ሲለካ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። አንድ ቀን አሳስቶኝ አያውቅም።»

«ትርጉሙስ?»

«ትርጉሙን እኔም ፕሮፌሰሬን ጠይቄያቸው ነበር።»

«ምን አሉ?»

«እኔም የእኔን ፕሮፌሰር ጠይቄያቸው ነበር አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሻይ ሰዓት አለቀ።»

ብስኩቱን ለሁለት ከፍሎ አካፈለኝና ቀጠለ። አንዱ ወገን ዓለም ራሷ ቅርንጫፍ ታወጣለች ይላል አለኝ። ሌላው ቅንጣቱን የሚመራ የማይታይ ሞገድ አለ ይላል። ሌላው ደግሞ ይህን አትጠይቁ፣ አስሉ ይላል። ሦስቱም ተጣልተው ተጣልተው ሲያሰሉ ያው አንድ ቁጥር ያገኛሉ። በዚያ ቁጥር ስልኩ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ እትዬ ፕላዝማም የምትለፈልፈው በዚያው ነው።

ከጅማ ቦንጋ ያለውን ጥምዝምዝ መንገድ ታውቁታላችሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ፌስታል ይዞ ያስመልሳል፤ እኔ ብቻዬን እስቃለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ፈርቶኝ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ዓለም ሁሉ «አዎ!» ብሎ ያለፈ ሰው ነው የሞላባት! ብቻ እነሱ ያሰላሉ፤ እኔ ድንጋይ አንከባልላለሁ፤ ልዩነታችን ይህ ነው።

አሁን የቀረኝ አፌን መክፈት ነው። አፌን የከፈትኩት ግን በተሳሳተ ቦታ ነበር።

በተመለስኩ ማግስት የመምህራን ግምገማ ነበር። ያን ዘመን ግምገማ ላይ ግለ ሂስ የማያደርግ የለም፤ ድክመትህን ራስህ ተነሥተህ ትናገራለህ። ሰዉ ግን ለምዶታል፤ ወልውሎ ያመጣው ድክመት አለው። አንዱ ተነሥቶ ሥራ ስለማበዛ ቤተሰቤን በድያለሁ ይላል። ሌላው እውነት ፊት ለፊት ስለምናገር ሰው ይቀየመኛል ይላል። እኔም ሰዓት ማክበር ስለማበዛ ሰው አስቸግራለሁ ማለት ፈልጌ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግን፣ እዚህ ከተለማመድኩት መሠረት ፊት አይከብደኝም ብዬ ተነሣሁ።

«የፊዚክስ መጽሐፉ የመጨረሻው ምዕራፍ አይገባኝም» አልኩ።

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው እስክሪብቶውን አቆመ። ሰብሳቢው ምክትል ርእሰ መምህር ቀና አለ። ደግ ሰው ነው፤ ግን የሥልጠና ደብተሩን በቃሉ ይዞታል።

«ጋሼ፣ የአመለካከት ችግር ነው፣ የክህሎት ነው ወይስ የግብዓት?»

በዚያ ዘመን ከነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሆነ ችግር አልነበረም። ክርክር ተነሣ። አንዱ የአመለካከት ነው አለ፤ ይገባኛል ብለው ቢነሡ ይገባዎት ነበር አለኝ። ሌላዋ የክህሎት ነው አለች። ተሾመ የእኔ ወዳጅ ሊያድነኝ ብሎ የግብዓት ነው አለ፤ እስካሁን አንድም ኤሌክትሮን አልቀረበላቸውም ሲል ጉባኤው በቁም ነገር መዘገበው። በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳይንቲስቶቹም ቢሆን አልገባቸውም ብዬ ጨመርኩ። ሰብሳቢው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ችግርን ወደ ውጭ ማላከክ ለማንም አይጠቅምም አለኝ።

ውሳኔው ተነበበ። ጋሼ ኳንተምን እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ እንዲረዱ፤ ለዚህም በአንድ ለአምስት እንዲደራጁ፤ አፈጻጸሙ በየሳምንቱ ሪፖርት እንዲደረግ። በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሲያጨበጭብ ዝም ማለት አልችልም።

ቡድኔ ውስጥ ተሾመ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛውና የስፖርት መምህሩ ገቡ። የሪፖርቱ ቅጽ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ «ተከናውኗል»፣ «አልተከናወነም»፣ «በሂደት ላይ»። የመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርት ላይ የስፖርት መምህሩ በገዛ ሥልጣኑ ሃያ አምስት በመቶ ተረድተዋል ብሎ ሞላ። ለምን ብለው ሩጫም እንዲሁ ነው፣ ቀስ በቀስ ነው አለኝ።

ቦንጋ ወሬ ዳገት አይበግረውም። በሁለተኛው ቀን የገባሁበት ባጃጅ ሹፌር፣ የድሮ ተማሪዬ፣ በመስታወቱ እያየኝ «ጋሼ፣ በግራ በኩል ነው የሚወርዱት፣ በቀኝ ወይስ በሁለቱም?» አለኝ። ሱቅ ስገባ ባለሱቁ መግቢያውን ያሳየኛል። ይሁን፤ ይገባኛል። መሠረት ግን ማንኪራ ናት፤ ይህን ሁሉ ውርደት ያየሁት እሷ ሳትሰማ በከንቱ ነው። ፎርሙ ደግሞ ሰኞ ይላካል።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የመሠረት አባት አቶ ወዳጆ ነው፤ ማሩን ገበያ አራግፎ መምጣቱ ነው። ጥቂት ቃል የሚናገር ሰው ነው። አማርኛ ዘግይቶ ስለተማረ አንቱታውን ይዘላታል፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ወጣት ያደርገኛል።

«አስተማሪ፣ ልጄ ጭንቅላቴ ትንሽ ነው አለች። እኔ አላምንም» አለ። «ገበያ ላይ ሰው፣ አስተማሪውም አልገባውም ይላል። እውነት ነው?»

ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። ዘነቡ ከውስጥ «እውነት ነው!» አለችልኝ።

«ና፣ ራስህ ንገራት» አለኝ። «እኔ ብነግራት አባቴ ስለሆነ ነው ትላለች።»

ሄድኩ። የጫካው መንገድ በሌሊቱ ዝናብ ሟሙቶ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ተዳፋት በተራው እኔን አስተማረኝ፤ አራት ጊዜ በቂጤ፣ አንድ ጊዜ በግንባሬ። አቶ ወዳጆ በየወደቅኩበት ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ከቡናው ዛፍ ሥር ሲያነሣኝ አይስቅም። ባይስቅብኝ ይሻል ነበር ወይስ ቢስቅ፣ እሱንም አልተረዳሁትም።

ግቢው ስንደርስ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቆምኩ። ከፍ ካለ ዛፍ ላይ አዲስ ቀፎ ተሰቅሏል። ንብ ገብቶበታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«አላውቅም» አለ። «ሊገባ ይችላል፣ ላይገባ ይችላል። ወጥቼ ብነካካው የገባውም ይሄዳል። ዝም እለዋለሁ። ጊዜው ሲደርስ አያለሁ።»

ወገኖቼ፣ ሰማይ ተከፈተልኝ! ሳያዩት ገባም አልገባም አይባልም፤ ካዩት ደግሞ ጠባዩን ይለውጣል። ኳንተም ማንኪራ ዛፍ ላይ ተሰቅላ ትጠብቀኝ ኖሯል! ከደስታዬ ብዛት ነገሩን ላሳየው ብዬ ዱላዬን አንሥቼ ዝቅ ብላ የተሰቀለችውን ሌላዋን ቀፎ ኳ ኳ አደረግኳት።

ነበሩ።

አንዷ ላይኛው ከንፈሬን፣ ሌላዋ መላጣዬን። መሠረት ጩኸቴን ሰምታ ከጎጆው ሮጣ ወጣች። አይታኝ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቋን እንደዋጠች ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ሽንኩርት ከፍላ ከንፈሬ ላይ ጫነችልኝ። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ንቦቹን በካፍኛ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ቀስ ብሎ ያናግራቸዋል።

ከንፈሬ እየወፈረ፣ ቃሌ እየተኮላተፈ፣ የቀፎውን ነገር አስረዳኋት። ከኮሌጅ ወዲህ እንዲያ ጥሩ አድርጌ አስተምሬ አላውቅም። እሷ አንገቷን ደፍታ በሥርዓት ሰማችኝ። ስጨርስ ገባሽ አልኳት።

«አይ፣ ቲቸር» አለች በቀስታ። «ንቦቹ ዱላዎን ሳያነሡም እዚያው ነበሩ። እኛ ነን ያላወቅነው። ያኛው እንደሱ አይደለም። በአንዱ ቀዳዳ ብቻ አልፎ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ብንደፍነው ምን ይቸግረው ነበር? ቀዳዳው ሲደፈን ግን ዥጉርጉሩ ይጠፋል። ሁለቱም ክፍት መሆናቸውን ያውቃል ማለት ነው። እንዴት ነው የሚያውቀው?»

ሽንኩርቱን ከከንፈሬ ላይ አነሣሁ። ጭንቅላቴ አይበቃም ብላ ከከተማ የሸሸች ልጅ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ቀፎ ሥር ተቀምጣ፣ እኔ ሩብ ሰዓት የኮራሁበትን ነገር በጥቂት ዓረፍተ ነገር አፈረሰችው። ከዚህ በኋላ ኮት መጠበቅ ምን ይጠቅማል?

«መሠረት» አልኳት፣ «ያን ቀን እንዴታ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አይገባኝም። ገብቶኝም አያውቅም።»

ቀና አለች። «ልጆቹስ?»

«እኔ በነሱ ዕድሜ እንዳልኩት ነው አዎ ያሉሽ።»

«ሳይንቲስቶቹስ?»

የዶክተሩን ነገር ነገርኳት፤ ፕሮፌሰሩን፣ የፕሮፌሰሩን ፕሮፌሰር፣ ብስኩቱን ሳይቀር። ያሰላሉ አልኳት፤ ያሰሉት ልክ ነው፤ ልክነቱን ማንም አይጠራጠርም። ምን ማለት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ያንቺን ጥያቄ ነው የሚጨቃጨቁት አልኳት። እዚህ ላይ ድምፄ ተሰበረ፤ ከንፈሬ ነው ብዬ አሳበብኩ።

አቶ ወዳጆ ከበሩ ላይ አቋረጠን። «ማንም የማያውቀው ከሆነ ምኑን ነው የምትማሪው?»

«ማንም ስለማያውቀው ነዋ፣ አባዬ» አለች፤ ጥያቄው ገርሟት።

ገብታ በላስቲክ የጠቀለለችውን ፎርም አመጣች። ጠረጴዛ ስላልነበረ ባዶ ቀፎ ላይ ዘረጋችው። ግቢው ዘንበል ያለ ነውና ቀፎው እንዳይንከባለል እኔ በአንድ ወገን፣ አባቷ በሌላው ወገን ደግፈን ያዝነው። እርሳሷን አየችውና ኪሷ ከተተችው።

«ቲቸር፣ እስክሪብቶ ይዘዋል?»

ሰኞ የተነፋ ከንፈሬን ይዤ ክፍል ገባሁ። ስልሳ ሁለቱም አፍንጫቸውን ይዘው ከሳቃቸው ጋር ይታገላሉ። ያለፈውን ምዕራፍ ገባችሁ ወይ አልኩ። «አዎ!» አሉ። «ለእኔ ግን አልገባኝም» አልኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላ ያ የማንኪራን በር የቆጠረው ልጅ «ለእኔም አልገባኝም ቲቸር» አለ። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ሦስቱ፣ ከዚያ ሁሉም። ያን ዕለት እንደተጠየቅኩ ተጠይቄ አላውቅም። አንዱንም አልመለስኩም። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ እትዬ ፕላዝማ ጠፍታ ማንም ልብ ያላት አልነበረም።

ግንቦት ሠላሳ ቡድናችን ተሰብስቦ የመጨረሻውን ሪፖርት ሞላ። የስፖርት መምህሩ «ተከናውኗል» ላይ ምልክት ሊያደርግ ሲል እጁን ያዝኩት። «በሂደት ላይ» በሚለው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩና ፈረምኩ። ሰብሳቢው ቅር ቢለውም ማኅተም አደረገበት።

ጡረታ በወጣሁ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ መሠረት በምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ጋበዘችኝ። ጋቢዬን ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቀመር ሞላችው፤ ጠመኔዋ ሲሮጥ የድሮው መምህሬ ትዝ አለኝ። ጨርሳ ዞር ስትል ከልምድ ብዛት «አዎ!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ገባችሁ ወይ አላለችም።

«ያልገባው እጁን ያውጣ» አለችና በቅድሚያ የራሷን አወጣች።

ልጆቹ ተያዩ። እጅ እየፈራ፣ እየተባ ወጣ፤ አንድ፣ አራት፣ ግማሹ ክፍል። የእኔን ከጋቢው ውስጥ እስካወጣት ጊዜ ወሰደብኝ። መሠረት ከፊት አይታኝ ፈገግ አለች።

«ጋሼስ? አሁንም አልገባዎትም?»

«በሂደት ላይ ነኝ» አልኳት።